የሰባኪው ድርጎ የማን ዕዳ ነው?

(ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐ ቤቴ አጥቢያዎች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከመሐል ሜዳ እስከ ሞላሌ፣ ከራቤል እስከ ዓለም ከተማ ካሉት አጥቢያዎች የሚደርሰን ጥያቄ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። «ሰባኪ ላኩልን» የሚል ነው። ጥያቄው ልብን ደስ ያሰኛል፤ ሕዝቡ ቃለ እግዚአብሔርን መራቡን ያሳያልና። ሰባኪው ተልኮ ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን ሁለተኛ ደብዳቤ ይመጣል፤ «ሰባኪው ትቶን ሄዷል፤ ሌላ ይላክልን» ይላል። ለምን ሄደ? በመጀመሪያው ወር ሁሉም እየተሻማ ቤቱ ጋብዞታል። በሦስተኛው ወር የግብዣው ተራ ተዛብቷል። በአምስተኛው ወር የቤት ኪራይ የሚከፍለው አጥቷል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ጥላውንና መጻሕፍቱን ይዞ በሌሊት ወደ አስፋልቱ ወርዷል። የጠላውም የከዳውም ሰው አልነበረም፤ የዕለት ጉርሱን ግን የእኔ ኃላፊነት ነው ብሎ የያዘለት አልተገኘም።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው። ሰባኪውን የሚያሳድረው ማን ነው? ድርጎው ከየት ይመጣል? አንድ ጊዜ ከመጣስ በኋላ እንዴት ሳይቋረጥ ይቆያል? ገንዘብን በዐውደ ምሕረት ማንሳት የሚያሳፍራቸው አባቶች እንዳሉ እናውቃለን። ነገር ግን ይህን ጉዳይ በሥርዓትና በግልጽ ካልተነጋገርንበት፣ በሐሜትና በኩርፊያ መነገሩ አይቀርም።

ከመጽሐፍ ምን እንማራለን?

ችግሩ በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። ነህምያ ከፋርስ ንጉሥ ዘንድ ወደ ኢየሩሳሌም በተመለሰ ጊዜ ያገኘው ይህንኑ ነበር። በመጽሐፉ 13ኛ ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ ለሌዋውያን የሚገባው ድርሻ አልተሰጠም ነበር፤ ስለዚህ አገልጋዮቹና መዘምራኑ እያንዳንዳቸው ወደየእርሻቸው ሸሽተዋል። ነህምያ በዚህ ጊዜ የሸሹትን ሌዋውያን አልወቀሰም፤ የወቀሰው ሹማምንቱን ነው። ቀጥሎ አገልጋዮቹን ሰብስቦ በየቦታቸው አቆማቸው፤ ሕዝቡም የእህሉን፣ የወይኑንና የዘይቱን ዐሥራት አመጣ። በዚህም አላበቃም። የሕዝቡ ስሜት ከቀዘቀዘ ነገሩ እንደሚፈርስ ያውቅ ስለ ነበር፣ አንድ ካህን፣ አንድ ጸሐፊና አንድ ሌዋዊ፣ ከእነርሱም ጋር አንድ ረዳት በግምጃ ቤቱ ላይ ሾመ። እነዚህ ሰዎች የተመረጡት ታማኝነታቸው የታወቀ ስለ ነበር ነው። የሰበካ ጉባኤያችን አሠራር ከዚህ ብዙ እንደማይርቅ ልብ በሉ፤ ካህኑም፣ ምእመኑም፣ ወጣቱም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡት ስለዚሁ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስም ነገሩን ከሁለት ወገን አስተምሮናል። በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት 9ኛ ምዕራፍ ላይ ወታደሩን፣ ወይን ተካዩን፣ እረኛውን፣ የሚያበራየውን በሬና መሠዊያውን የሚያገለግለውን እየጠቀሰ፣ ወንጌልን የሚሰብክ ከወንጌል ሊኖር ጌታ እንደ ደነገገ ይናገራል። ወዲያው ደግሞ እርሱ ራሱ በቆሮንቶስ ሰዎች ዘንድ በዚህ መብት እንዳልተጠቀመ ይገልጻል። በሐዋርያት ሥራ 18ኛ ምዕራፍ እንደምናነበው ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ያድር ነበር። ይሁን እንጂ ሲላስና ጢሞቴዎስ ከመቄዶንያ ከመጡ በኋላ ለቃሉ በሙሉ እንደ ተጋ በዚያው ምዕራፍ ተጽፏል፤ በሁለተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክት 11ኛ ምዕራፍ ደግሞ ጉድለቱን የሞሉለት ከመቄዶንያ የመጡት ወንድሞች መሆናቸውን ይነግረናል። እንግዲህ ሁለቱን አያይዘን እናንብብ። የሰባኪው እጅ ሥራ መሥራቱ ክብር ነው፤ ነገር ግን ሙሉ ቀኑን ለቃሉ እንዲሰጥ የሚያስችለው የምእመናን ድጋፍ ነው።

የፊልጵስዩስ ሰዎች ድጋፍ ደግሞ የተለየ መልክ ነበረው። ጳውሎስ በተሰሎንቄ ሳለ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደግመው ልከውለታል፤ በታሰረም ጊዜ አፍሮዲጡን ስጦታ አስይዘው ሰደዱለት። አፍሮዲጡ በዚህ ጉዞ ታሞ እስከ ሞት ደርሶ ነበር። ሐዋርያው ይህን ስጦታ እንደ ምጽዋት አልተቀበለውም፤ በሰጪዎቹ ሒሳብ ላይ የሚበዛ ፍሬ አድርጎ ቆጠረው። ቅዱስ ዮሐንስም በሦስተኛይቱ መልእክቱ፣ ስለ ስሙ የወጡትን መንገደኞች የሚቀበልና የሚሸኝ ሰው ከእውነት ጋር አብሮ የሚሠራ መሆኑን አስተምሯል። በመሐል ሜዳ ገበያ አንድ በግ ሸጣ ከገንዘቡ ለሰባኪው ድርጎ የከፈለች እናት፣ በዚያ ወር የተሰበከው ስብከት ሁሉ ተካፋይ ናት ማለት ነው።

አባቶቻችን እንዴት ኖሩ?

የምንኖርበት ምድር በስብከት የቀና ምድር ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሸዋ ወንጌልን በሰበኩበት ዘመንና ከእርሳቸውም በኋላ፣ ደቀ መዛሙርትና ገዳማት በጀማ ሸለቆ ግራና ቀኝ ተስፋፍተዋል፤ በሞረት የሚታወሱት አቡነ ዜና ማርቆስም ከዚያ ትውልድ ናቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አገልጋዩን የሚያኖረው ነገር በየዘመኑ መልኩን ሲለዋውጥ ኖሯል።

ለብዙ ዘመን ዋናው መሠረት መሬት ነበር። ሲሦ ለቀዳሽ፣ ሲሦ ለነጋሽ፣ ሲሦ ለአራሽ ሲባል የኖረው ስለዚሁ ነው። ቀዳሹም፣ መሪጌታውም፣ ዲያቆኑም በሰሞን መሬት ይኖሩ ነበር፤ የመሬቱ ባለቤትነት ከአገልግሎቱ ጋር የታሰረ ስለ ነበር አገልግሎቱን ያቋረጠ መሬቱን ያጣል። በኢየሩሳሌም ያለው ማኅበራችን ደግሞ በሌላ መንገድ ተደግፏል። ነገሥታትና መኳንንት በከተማዪቱ ቤት እየገዙ ለገዳሙ ሰጥተዋል፤ መነኮሳቱም በኪራዩ እየተረዱ በባዕድ ምድር ጸንተው ቆይተዋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ይሆን ዘንድ ሲታወጅ የሰሞን መሬት ቀረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ በከተማ የሚከራዩትን ቤቶች ወሰደ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ሁለቱን እግሮቿን በአንድ ዓመት አጣች። ከሁለት ዓመት በፊት ግን፣ በ1965 ዓ.ም.፣ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ ነበር። ቃለ ዓዋዲው ሰበካ ጉባኤን አደራጀ፤ ምእመኑም በአባልነት ተመዝግቦ ቤተ ክርስቲያኑን በአስተዋጽኦው እንዲያኖር አደረገ። መሬቱ ሲሄድ መዝገቡ ተገኘ። ያ መዝገብ ባይኖር ኖሮ ስንት አጥቢያ ዛሬ ተዘግቶ በቀረ ነበር!

ይህን ስንናገር የጓሳን ነገር ማንሳት ይገባናል። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ አስቦና ገራ ከሚባሉት አባቶች ጋር በሚያያዝ ሥርዓት፣ የጓሳን ሣር በቀሮ ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆን የጋራ ሀብት ነበር። ለዓመታት ይዘጋል፤ በሽማግሌዎች ውሳኔ በታወቀ ጊዜ ይከፈታል፤ ጠባቂው ይታወቃል፤ ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። በ1967ቱ አዋጅ ይህም ሥርዓት ፈርሶ ነበር። በኋላ ግን ማኅበረሰቡ ራሱን በጉባኤ መልሶ አደራጀ፤ ዛሬ ጓሳ ከነቀይ ቀበሮውና ከነጭላዳው የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ሆኖ ይታወቃል። ከዚህ የምንማረው አለ። የጋራ ሀብት የሚቆየው ሁሉም ሰው ደግ ስለሆነ አይደለም፤ ማን ምን ያህል፣ መቼና በማን ፊት እንደሚወስድና እንደሚሰጥ የታወቀ እንደሆነ ነው። የመንዝ ሰው ለሣር ይህን ያህል ሥርዓት ካቆመ ለቃለ እግዚአብሔር ማቆም አይሳነውም።

የልማት ገንዘብና የስብከት ገንዘብ

ከዚህ ላይ በግልጽ የምንናገረው ነገር አለ። «ኮሚሽኑ ውኃ ያወጣል፣ ችግኝ ያፈላል፤ ሰባኪውንስ ለምን አይቀጥርም?» የሚል ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱም ግልጽ መሆን አለበት። ለልማትና ለተራድኦ የሚመጣ ገንዘብ ለተሰጠበት ዓላማ ብቻ ይውላል። ለውኃ ጉድጓድ የተሰጠ ብር ለስብከት ቢውል፣ ስብከቱ የቱንም ያህል ቅዱስ ቢሆን፣ አደራ መብላት ነው። ከዚህም በላይ ልማቱ የሚሰጠው ለችግረኛው ሁሉ ነው፤ ሃይማኖቱ አይጠየቅም። እህል ከስብከት ጋር ቢታሰር ስብከቱም ይረክሳል፣ እህሉም ይመርራል።

ሁለተኛ ምክንያትም አለ። ፕሮጀክት መጀመሪያና መጨረሻ አለው። በሦስት ዓመት ገንዘብ የተቀጠረ ሰባኪ በአራተኛው ዓመት ይባረራል ማለት ነው። ስብከት ግን እንደ ቅዳሴው ሁሉ የማይቋረጥ አገልግሎት ስለሆነ፣ የማይቋረጥ ምንጭ ይሻል፤ ያም ምንጭ በአካባቢው ያለው ምእመን ነው። ኮሚሽኑ በዚህ ረገድ ሊረዳ የሚችለው በሒሳብ አያያዝ፣ በዕቅድ አወጣጥና ገቢ በሚያስገኝ ሥራ ላይ ትምህርት በመስጠት ነው። ሰባኪውን የመመደብ ሥልጣን የሀገረ ስብከቱና የወረዳ ቤተ ክህነቱ ነው፤ የማሳደሩ ዕዳ ደግሞ የአጥቢያው ነው።

ድጋፉን እንዴት እናሰባስብ?

የመጀመሪያው ሥራ ሰው መቁጠር ነው። ብዙ አጥቢያዎች የአባላት መዝገብ አላቸው፤ ሆኖም የሞቱት ስም ሳይሰረዝ፣ ጎጆ የወጡት ልጆች ስም ሳይገባ ይኖራል። በትክክል ባልተቆጠረ ሕዝብ ላይ የተሠራ ዕቅድ ከጅምሩ ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ሥራ መተባበር ነው። ብዙዎቹ የደጋ አጥቢያዎቻችን አንድ ሰባኪ ለብቻቸው ማኖር አይችሉም፤ ሦስት ሆነው ግን ይችላሉ። ለአብነት ያህል ሦስት አጎራባች አጥቢያዎች በድምሩ 300 ቤተሰብ አላቸው እንበል። ለሰባኪው በወር 6,000 ብር ቢወሰን ለአንድ ቤተሰብ 20 ብር ይደርሰዋል። ይህ በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን ከአራት ቤተሰብ አንዱ ሳይከፍል ቢቀር ከፋዮቹ 225 ይሆናሉ፤ ገቢው 4,500 ብር ይሆንና በየወሩ 1,500 ብር ይጎድላል። ሰባኪዎች በአምስተኛው ወር የሚሄዱት በዚህ ጉድለት ነው። ከመጀመሪያው የማይከፍሉ እንደሚኖሩ አስበን መዋጮውን 27 ብር ብናደርገው፣ ከ225ቱ ከፋዮች ብቻ 6,075 ብር ይገኛል። ሁሉም የከፈለ ጊዜ ደግሞ ትርፉ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለምን?

ሦስተኛው ሥራ በዓይነት መሰብሰብ ነው። የብር የመግዛት አቅም ከዓመት ወደ ዓመት እየወረደ መሄዱን ሁላችንም በገበያ እናየዋለን። አምና የበቃ ድርጎ ዘንድሮ አይበቃም። ገብስና ባቄላ ግን ዋጋቸው ቢለዋወጥም ሆድ መሙላታቸውን አይተዉም። እነዚያው 300 ቤተሰቦች በዓመት አምስት አምስት ኪሎ ቢያዋጡ 1,500 ኪሎ፣ ማለትም 15 ኩንታል ይሆናል። ይህ የአንድ ሰባኪ ቤተሰብ ቀለብ ሆኖ ለአብነት ተማሪዎችም ይተርፋል። አኮፋዳ አንግበው፣ የበግ ለምድ ደርበው «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚሉት ሕፃናት የነገዎቹ ካህናትና ሰባክያን መሆናቸውን አንርሳ።

አራተኛው ወቅትን ማወቅ ነው። በበልግ የሚተዳደር ደጋ የሚሰጠው በሰኔና በሐምሌ፣ በመኸር የሚተዳደረው ደግሞ በታኅሣሥና በጥር ነው። በጎተራው እህል በሌለበት በነሐሴ የሚጠየቅ ገበሬ እያፈረ «የለኝም» ይላል፤ እያፈረ የተመለሰ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ አይገኝም። የቆላው የመርሐ ቤቴ አጥቢያም እንደ ማሽላውና እንደ ጤፉ አሰባሰብ የራሱን ቀን ይምረጥ። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስ ሰዎች ከሳምንቱ በፊተኛው ቀን እንደ ገቢያቸው መጠን ለይተው እንዲያስቀምጡ ያዘዘው፣ እርሱ በመጣ ጊዜ መዋጮ እንዳይጀመር ብሎ ነው። አስቀድሞ የታሰበ ስጦታ አይከብድም።

አምስተኛው የአካባቢው ተወላጆች ናቸው። በአዲስ አበባ፣ በደብረ ብርሃንና በውጭ ሀገር ያሉት ልጆቻችን ለትውልድ ደብራቸው ብዙ አድርገዋል። ነገር ግን ገንዘባቸው በአብዛኛው ወደ ሕንፃው ይሄዳል። ጉልላቱ ከሩቅ የሚያበራ፣ ውስጡ ግን በዓመት ከጥቂት በዓላት በቀር ስብከት የማይሰማበት ደብር እየበዛ ነው። ቆርቆሮ አይሰብክም። ተወላጆቹን በቅንነት እንንገራቸው፤ ለሕንፃ የሰጡትን ያህል ለአገልጋይም እንዲያስቡ እንጠይቃቸው። ሆኖም የሰባኪውን የወር ድርጎ በእነርሱ ላይ አንጣል። መንገድ ይዘጋል፣ ባንክ ይቋረጣል፣ በከተማም ሰው ሥራ ያጣል። የተወላጆቹ ስጦታ ለመኖሪያ ቤቱ ሥራ፣ ለመጻሕፍት፣ ለመጠባበቂያው ሣጥን ይሁን፤ የዕለት እንጀራው ግን ከአጥቢያው ይውጣ። ሕዝቡ ራሱ የሚያበላውን ሰባኪ የራሱ አድርጎ ይሰማዋል።

«ሕዝባችን ድኻ ነው» የሚል እንዳለ እናውቃለን። እውነት ነው፤ ውርጭ ገብሱን በሚያቃጥልበት፣ የበልጉ ዝናብ በሚዘገይበት ሀገር ሰው ሲቸገር እናያለን። ጳውሎስ ስለ መቄዶንያ ሰዎች ሲናገር ግን ልግስናቸው የበዛው ከጥልቅ ድኽነታቸው መሆኑን ያስታውሳል። ስለዚህ ድኻውን ከበረከቱ አንከልክለው፤ ከአቅሙ በላይም አናስገድደው። አቅመ ደካሞች፣ አረጋውያንና ጧሪ የሌላቸው እናቶች ከመዋጮው ነፃ እንዲሆኑ በቃለ ጉባኤ ይወሰን። የፈቀደች ግን እንደዚያች መበለት ሁለት ሳንቲም ብትጥል የሚከለክላት አይኑር።

የተገኘው እንዳይቋረጥ

ድጋፍ ማሰባሰብ የአንድ ወር ሥራ ነው፤ ማቆየት ግን የዘወትር ሥራ ነው። ማቆያው ደግሞ መታመን ነው። ጳውሎስ የኢየሩሳሌምን መዋጮ ሲያሰባስብ ከቲቶ ጋር በአብያተ ክርስቲያናት የተመሰገነ ሌላ ወንድም ላከ፤ ምክንያቱንም በሁለተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክት 8ኛ ምዕራፍ ሲገልጽ፣ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል። ሐዋርያው ራሱን ከሐሜት በሥርዓት ከጠበቀ እኛማ እንዴት! ስለዚህ ገንዘቡ በጣምራ ፊርማ ይንቀሳቀስ። ቁጥር የታተመበት ደረሰኝ ሳይቆረጥ አንድ ብር አይግባ። እህሉ በሚዛን ተመዝኖ በመዝገብ ይግባ። በየሦስት ወሩ ከቅዳሴ በኋላ ምን ያህል እንደ ገባ፣ ምን ያህል እንደ ወጣ፣ ምን እንደ ቀረ በዐውደ ምሕረት ይነበብ። አጭር ይሁን፤ እውነተኛ ይሁን። ሰው የሰጠው ነገር የት እንደ ደረሰ ካወቀ ሳይለመን ይሰጣል።

ከገንዘቡ ዘገባ ጋር የአገልግሎቱም ዘገባ ይነበብ። ሰባኪው በስንት አጥቢያ አስተማረ? ስንት ሕፃናት ፊደል ቆጠሩ? ስንት ሰው ንስሐ አባት ያዘ? የተጣሉ ስንት ቤተሰቦች ታረቁ? ይህ ለመመካት አይደለም። የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ጳውሎስንና በርናባስን ጾማና ጸልያ ላከች፤ ሲመለሱም ማኅበሩን ሰብስበው እግዚአብሔር ያደረገውን ነገሩ። የላከ ሕዝብ የመስማት መብት አለው።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ሰባኪው ክብር እንናገራለን። ሰባኪውን የራሱ ድርጎ ሰብሳቢ አታድርጉት። በእሑድ ስለ ትዕግሥት ያስተማረ ሰው ሰኞ ዕለት መዋጮ ያልከፈለውን ቤት ማንኳኳት የለበትም። ይህ የገንዘብ ያዡ ሥራ ነው። ማደሪያውንም አስቡ። የሱነም ሴት ለነቢዩ ለኤልሳዕ ትንሽ ቤት ሠርታ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ አኖረችለት፤ ከዚያ የበለጠ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። በደቦ አንዲት ክፍል ቢሠራለት የኪራዩ ወጪ ለዘለቄታው ይቀራል። በመንዝ ብርድ ደግሞ አንድ ደህና ባና ከብዙ ምስጋና ይሻላል።

ሰባኪው ከአንድ ባለጸጋ እጅ ብቻ እንዲበላም አትፍቀዱ። ብቻውን የሚያኖረው ሰው ያለበት ሰባኪ በዚያ ሰው ግፍ ላይ አፉ ይዘጋል። የድንበር መግፋት፣ የአራጣና የደም ነገር በተነሣ ጊዜ እውነቱን መናገር ያቅተዋል። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ዋጋ ያልተቀበለው ወንጌልን እንዳያሰናክል ነው። ከ300 ቤት የመጣ 27 ብር ሰባኪውን ነፃ ያደርገዋል፤ ከአንድ ቤት የመጣ 6,000 ብር ግን ያስረዋል። የባለጸጋው ልግስና ይባረክ፤ ሆኖም በሰበካ ጉባኤው ሣጥን በኩል ይግባ።

የአጥቢያውን ካህናት ልብም እንጠብቅ። «እኛ በበረዶ እየቀደስን ያለ ደመወዝ ስንኖር ለእንግዳ ድርጎ ይቆረጣል» የሚል ቃል ከተሰማ፣ ቃሉን እንደ ቅናት አንቁጠረው፤ እውነት አለበት። ቀዳሹ፣ ዲያቆኑና የአብነት መምህሩ ከሌሉ ሰባኪው የሚያመጣውን ሰው የሚያቆርበው ማን ነው? የሰባኪው ድርጎ ከካህናቱ ድርሻ ተቀንሶ አይሁን። ይልቁንም የአገልጋዮች መደጎሚያ የሚባል አንድ መዝገብ ተከፍቶ ሁሉም እንደ ድካሙ ከእርሱ ይካፈል። ካህናቱ በሚወሰነው ነገር ላይ አስቀድመው ይማከሩ፤ ሰባኪውም ከእነርሱ ጋር ኪዳን ያድርስ፣ ማኅሌት ይቁም።

ሰባክያንም ሆይ፣ ለእናንተም ቃል አለን። የጳውሎስን መብት ስትጠቅሱ የጳውሎስን ድንኳን አትርሱ። ጥቂት በግ ማርባት፣ የንብ ቀፎ መስቀል፣ የጓሮ አትክልት መትከል አያሳፍርም፤ የሚሰሟችሁ ገበሬዎች ናቸው። ነገር ግን የጎን ሥራው የአገልግሎቱን ሰዓት የበላ ዕለት ልኩን አልፏል። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ተናገሩ። የተቸገረ ሰባኪ ችግሩን ለሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ ሳያሳውቅ በሌሊት ቢወጣ፣ ከኋላው የሚመጣው ሰባኪ በጥርጣሬ ዓይን ይታያል።

በመጨረሻም ሣጥኑ አንድ እግር ብቻ አይኑረው። የ1967 ዓ.ም. ትምህርት ይኸው ነው። የወር መዋጮ አንድ፣ የእህል መዋጮ ሁለት፣ ደብሩ የሚያንቀሳቅሰው አነስተኛ የገቢ ሥራ ሦስት፣ የተወላጆች መጠባበቂያ አራት ይሁን። አንዱ በውርጭ ቢመታ ሌላው ያቆማል። መጠባበቂያው የሦስት ወር ድርጎ እስኪሆን ድረስ ለሌላ ጉዳይ፣ ለበዓል ድግስም ቢሆን፣ አይነካ።

ምን እናድርግ?

ከሚመጣው የእህል ስብሰባ በፊት እያንዳንዱ የሰበካ ጉባኤ ሦስት ነገሮችን እንዲፈጽም እንጠይቃለን። የአባላቱን መዝገብ ቤት ለቤት ዞሮ ያድስ። ከሁለት አጎራባች አጥቢያዎች ጋር ተቀምጦ አንድ ሰባኪ በጋራ ለማኖር ይመካከር፤ የተስማሙበትንም በቃለ ጉባኤ አስፍሮ ለወረዳ ቤተ ክህነቱ ያቅርብ። የድርጎውን መጠን፣ የእህሉን መጠን፣ የማደሪያውን ነገርና የሚከፈልበትን ቀን በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ሰባኪው ሲመጣ በሁለቱ ወገን ፊርማ ያጽና። ይህ ሳይሟላ «ሰባኪ ላኩልን» የሚል ደብዳቤ ባይጻፍ ይሻላል፤ ሰው ጠርቶ ማስራብ ከአለመጥራት ይከፋልና።

በየሸንተረሩ ያሉ ልጆቻችን ማን እንደሆኑ፣ በምን እንደሚያምኑ፣ ለምን እንደሚጾሙ የሚነግራቸውን ሰው ይጠብቃሉ። እኛ ካልነገርናቸው ሌላው ይነግራቸዋል፤ ወይም ማንም አይነግራቸውም። የዚህ ዋጋ ለአንድ ቤተሰብ በወር ጥቂት ብር፣ በዓመት ጥቂት ኪሎ ገብስ ነው። ዕዳው የማን እንደሆነ ከእንግዲህ አንጠያየቅ፤ በየአጥቢያችን ተቀምጠን እንከፋፈለው።

የአባቶቻችን አምላክ የደከማችሁበትን ይባርክ፤ ጎተራችሁን ይሙላ፤ አዝመራውን ከውርጭና ከበረዶ ይጠብቅ፤ ለሀገራችን ሰላሙን ይስጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።